የእማዬ ብቅል

ይድረስ ለወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከነቤተሰቤ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ከእናትህ፣ ከእማዬ፣ አርባ ወዲህ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ ሁለት ክረምት አለፈ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው፤ አፉ በለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የእሷው ብቅል ነው።

ለጥምቀት ጠላ ገብስ ነክራ በቅጠል ስትጠቀልል ከጎኗ ቁጭ ብለን እናይ ነበር። አንድ ጊዜ በሩ ሥር የወደቁት ፍሬዎች በቅለው፣ ሁሉም ወደ በሩ ስንጥቅ ጎንበስ ብለው አገኘናቸው። «ምን ሆነው ነው?» ስንላት «ብርሃን ናፍቋቸው ነዋ!» አለችን። ትዝ ይልሃል?

ሰሞኑን ልጄን ባዮሎጂ ሳስጠና ያ ጥያቄ ተነሳ። ለካ ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በሣር ቡቃያ ሞክረውት፣ በ1880 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ጫፉን ሲሸፍኑት ቡቃያው መጉበጡን ይተዋል። ጫፉን ትተው ታቹን ቢሸፍኑት ግን ይጎብጣል።

ገብስም የሣር ዘመድ ነውና እኔም ሞከርኩት። በቲማቲም ጣሳ ዘራሁና በካርቶን ከደንኩት። የጥፍር ያህል ብቅ ሲል፣ ለግማሾቹ ከማስቲካ ብርማ ወረቀት ቆብ ሠራሁላቸው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስንቱን ሰበርኩ! ከዚያ የካርቶኑን አንድ ጎን ቀድጄ፣ ቀዳዳውን በጦሳ ተራራ በኩል ወዳለው መስኮት አዞርኩት። በማግስቱ ስከፍተው ባዶ ራሶቹ ሩኩዕ እንዳደረገ ሰው ወደ መስኮቱ አጎንብሰዋል። ቆብ ያጠለቁት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ልጄን ጠርቼ አብረን ተንበርክከን አየናቸው።

ብርሃኑን የሚያውቀው ጫፉ ነው፤ የሚጎብጠው ከጫፉ ዝቅ ያለው ክፍል ነው። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ከጫፉ ሲወርድ ወደ ጥላው ጎን ያደላል። በዚያ በኩል ያሉት ሕዋሳት ይረዝማሉ፤ በብርሃኑ በኩል ያሉት ወደኋላ ይቀራሉ፤ ቡቃያውም ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃኑ የሚስበው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያጎብጠው በጥላው በኩል ያለው ዕድገት ነው! ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ።

በቅጠል ተጠቅልሎ የሚከርመው ብቅሏ የሚገረጣውም ብርሃን ስለሚያጣ ነው፤ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያለ ብርሃን አይሠራውም።

ይህን ለእማዬ ብነግራት «አላልኳችሁም?» ትለኝ ነበር። እዚያ በር ሥር አብሮኝ ያየ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም፤ ለዚያ ነው የጻፍኩልህ። ለጥምቀት ስትመጣ ሌላ ቤት እንዳታድር። ጣሳውን ከመስኮቱ አላነሳሁትም።

እህቶችህን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ