እታለም፣ የአባባን እግር በእጅሽ ዳብሺ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ከርማችኋል? እኔ እዚህ ስዊድን ደህና ነኝ፣ እመቤቴ ትመስገን።

አባባ ስቴንት፣ ያቺ የጠበበ የደም ቧንቧ ከፍታ የምትይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ገብቶላቸው ከአዲስ አበባ መመለሳቸውን ስሰማ እልል ነው ያልኩት። «ቀዶ ጥገና እኮ አይደለም፣ የመርፌ ቀዳዳ ናት» ያልሽው ግን አላስተኛኝም። ቀዳዳዋ ከላይ ነው ትንሽ የምትመስለው። ስቴንቱን ለማስገባት ብሽሽታቸው ላይ የተወጋው ለእግር ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳወቀው ሴልዲንገር የሚባል የዚሁ አገር ሐኪም ነበር፤ በመርፌው ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ። ስንቱን ከቢላ አዳነ! ችግር የሚገጥመው ጥቂቱን ሰው ነው። የገጠመው ለታ ግን ቀልድ የለም።

እኔ የምሠራበት ክፍል አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ፋሻቸው ደረቅ፣ ጠብታ ደም የለው። «ወገቤን» ይላሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ላብ አጠመቃቸው። ለካ ደሙ ወደ ውስጥ፣ ከሆድ ኋላ እየፈሰሰ ኖሯል። ስለዚህ ፋሻውን ብቻ አይተሽ እንዳትረጊ።

ብሽሽታቸው ላይ ከልብ ምታቸው ጋር ትር ትር የሚል እብጠት ካገኘሽ ቀዳዳው አልተደፈነም ማለት ነው። ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ሊደፍኑት ይችላሉ። አደራሽን፣ ወጌሻ እንዳያሸው! የመንዟ አክስታችን ቅቤ ይዘው ከተፍ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እግራቸው ነው። የረጋ ደም ቧንቧውን ድንገት ከዘጋው እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱን ጨምሮ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የማይቀዘቅዝ እግር የለም፤ «ውርጩ ነው» ብላችሁ ባና ትደርቡበታላችሁ። ውርጭ የሚያቀዘቅዘው ሁለቱንም እግር ነው። አንዱ ብቻ ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ጣቶቹ አንታዘዝም ካሉ እሳት ዳር አታስቀምጧቸው፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! እሳቸውን መጠየቅ ዋጋ የለውም። መልሳቸው «ተመስገን» ነው፤ ስኳሩም የእግራቸውን ስሜት አደንዝዞታል። ጠዋት ማታ ሁለቱን እግር በሁለት እጅሽ ይዘሽ አስተያዪ።

ደም ወደ ውጭ ከፈሰሰ አስተኝተሽ ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚው፤ እጅሽን ሳታነሺ ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። ደም እንዳይረጋ የሚወስዷቸውን አስፕሪኑንና ክሎፒዶግሬሉን ሐኪም ሳያዝ እንዳያቋርጡ። መንዝ በበቅሎ መውጣቱም ሐኪሙ እስኪያያቸው ይቆይ። ተዝካሩ ያለ እሳቸው ይውጣ።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱንም ታውቂዋለሽ። ለኮንትራት መኪና የሚሆን ብር በስምሽ ልኬያለሁ። ዕቁብ እንዳትጥዪበት!

እህትሽ