«ኮር አይ ሰቨን ነው» ብቻ ብላችሁ አትሽጡልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግ መቅረጽ የጀመርኩት ካሜራው በትከሻ፣ ካሴቱም ቪኤችኤስ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ሚኒ ዲቪ መጣ፤ ከዚያ ሜሞሪ ካርድ። ጋዜጣ ላይ ጽፌ አላውቅም። አሁን ብዕር ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ የገዛው ኮምፒውተር ነው። ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ቤት ውስጥ ተነጫንጨን እንተወው ነበር። ግን ከእሱ በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆች ያንኑ ዓይነት ዕቃ ተሸክመው «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው የሚቆመው?» እያሉ ሱቄ መጡ።

ልጁ ቪዲዮ ኤዲቲንግ መሥራት ይፈልጋል። ለጥር ሰርግ ልድረስ ብሎ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሄዶ ስላይትሊ ዩዝድ ኮምፒውተር ገዛ። የሱቁ መስታወት ላይ በማርከር «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ» ተብሎ ተጽፏል። ኮር አይ ሰቨን ኢንቴል የሚሠራው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ ራም ደግሞ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ ነው። ሻጩ «ይሄ አውሬ ነው» አለው። ልጁ 30 ሺህ ብር ቆጥሮ ሰጠ። ብሩ እናቱ ከዕቁብ ያወጣችው ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤታቸው ተሰብስበን በስልኩ የቀረጸውን የጓደኛውን ሰርግ ከፈተ። ድምፁ እልል ይላል፣ ከበሮው ይመታል። ምስሉ ግን ሙሽራዋ አንድ እግሯን አንስታ እንደቆመች ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ዘለለና አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ አገኘናት። ልጁ ላብ አሰመጠው። «ጋሼ፣ ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ!» ይለኛል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩት የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከላይ በኩል ይወጣል። አይ ሰቨን 4770 ይላል። አራተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ። ስሙ አይ ሰቨን ስለሆነ ሻጩ አልዋሸም። ግን ባለ 4 ኮሩ (ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠሪ ክፍል ነው) አይ ሰቨን 4770፣ በፈረንጆቹ 2022 በወጣውና እሱም 4 ኮር ባለው፣ በስሙ ዝቅ ባለው አይ ስሪ 12100 በደንብ ይበለጣል። ይህን ገዢው አያውቅም። ሻጩ ማወቅ አለበት።

ለምን እንደቆመ ለልጁ ያስረዳሁት በራሴ የድሮ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ 13 ጊጋ ያህል ነበር። ዛሬ አይፎን በፎር ኬ፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋ ገደማ ይይዛል፤ በሰዓት 10 ጊጋ መሆኑ ነው። ምስሉ በብዙ እጥፍ ጠርቶ ፋይሉ አነሰ! ታዲያ ያነሰው በነፃ አይደለም። ዲቪ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር። ኤችኢቪሲ የሚባለው የዛሬው አሠራር አንዱን ምስል ሙሉ ይይዝና ለሚቀጥሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። እንደ ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር በሉት። የዛሬውን ዕዳ ለማወቅ ከላይ ጀምሮ መደመር ግድ ነው። ኤዲት በምናደርግበት ታይምላይን ላይ ወዲህ ወዲያ ባልን ቁጥር ኮምፒውተሩ ደብተሩን እንደ አዲስ ይደምራል።

ይህን መደመር ብቻ የሚሠራ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ይለዋል። የአራተኛው ጀነሬሽን ኩዊክ ሲንክ የድሮውን የቪዲዮ አሠራር፣ ኤች 264ን፣ ያውቃል፣ ኤችኢቪሲን ግን አያውቅም። ስድስተኛው ላይ ተጀመረ፤ አዳዲስ ስልኮች የሚጠቀሙበት፣ ቀለሙ የበዛው ባለ 10 ቢቱ ኤችኢቪሲ ደግሞ ሰባተኛው ላይ ገባ። የልጁ ኮምፒውተር የሚያግዘው ክፍል ስለሌለ ሁሉንም በጉልበቱ ሊፈታ ሲታገል ነው ሙሽራዋ ባንድ እግሯ የቀረችው።

ሻጩ ጋ ተመልሰን ሄድን። «አባቴ፣ ያልኩት ኮር አይ ሰቨን ነው፣ የሰጠሁትም ኮር አይ ሰቨን ነው» አለኝ። ደረሰኙን ሳየው ምን ብዬ ልከራከር?

አንድ ወዳጄ ግራፊክስ ካርድ (ለብቻው የሚገጠም የምስል ክፍል) ጨምሩበት ብሎን ነበር። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን የቢሮ ኮምፒውተር ኬዙ ጠባብ ነው። ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩም ደካማ፣ የኃይል ሶኬቱም የራሱ ብቻ የሆነ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በ24 ሺህ ብር ሸጥነው። ለጽሕፈትማ ጀግና ነው፤ እስካሁን ያመሰግኑኛል።

ከዚያ ዕቃ በዕቃ መግዛት ሆነ። ሞኒተርና ኪቦርድ ከእኔ ወሰደ። ለቀረው 80 ሺህ ብር ገደማ ያዝን፤ የኔ ብድር አለበት። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ገባ። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱ ለሌላ ዓመት ይቆይ ብለን ወሰንን።

ይህ ውሳኔ ፕሮሰሰሩን ወሰነልን። አይ ፋይቭ 12400፣ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ 12 የሥራ መስመር ይይዛል)። የመጀመሪያው ሱቅ «ይሄ ይረክሳል» ብሎ አንድ ካርቶን አወጣልን። መነጽሬን አድርጌ ባላየው ተበልተን ነበር። ከቁጥሩ ኋላ አንዲት ኤፍ አለች። ኤፍ ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ አይሠራም ማለት ነው። ለብቻው ካርድ ካልተገዛ ስክሪኑም አይበራም። ኩዊክ ሲንክም አብሮ ይቀራል። ካርድ ላለው ሰው ኤፍ ጥሩ ቅናሽ ነው፤ ለኛ ግን ባዶ ሣጥን ነበር።

ራም 16 ጊጋ፣ ግን ባለ 8 ሁለት ፍሬ። ሻጩ «አንድ ባለ 16 ውሰዱ፣ በኋላ ትጨምራላችሁ» አለ። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ግን ራሙ የምስሉም ሚሞሪ ነው። ሁለት ሆኖ ሲገባ በሁለት መስመር ይመላለሳል፣ ፍጥነቱ ይለያል። ርካሹ ማዘርቦርድ ሁለት የራም ቀዳዳ ብቻ ስላለው በኋላ 32 ማድረግ ሲፈልግ ሁለቱንም ይቀይራል። እያወቅን የገባንበት ነው።

ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑን ማስቀመጫ) ለዊንዶውስና በእጁ ላለው ሥራ ገዛን። የኔ ካሜራ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻል፤ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋ ስለሆነ በሰዓት 45 ጊጋ ነው። ሁለት ካሜራ ይዘን ስንውል አንድ ሰርግ 200 ጊጋ ይጠጋል። ሥራው አልቆ ፍላሹ ለሙሽሮቹ ሲሰጥ ወደ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይወርዳል። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ካርቶን ውስጥ በነፃ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ማራገቢያ ምን ያደርጋል ብለው ጎረቤቶቼ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ።

ገንዘብ የማልቆጥብበት አንድ ነገር ፓወር ሰፕላይ ነው። ከርካሽ ኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን «500 ዋት» አንስታችሁ በእጃችሁ መዝኑት፤ አንዳንዱ ቀፎ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሚመታው እሱን ነው፣ እሱ ሲሞት ደግሞ ሌላውን ይዞ ይሞታል። መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚይዘውን ዩፒኤስም ጨመርን። ሱቁ 650 ዋት ነው ብሎን ነበር። 650ው ቪኤ የሚባል ሌላ መለኪያ ነው። ዋቱ ጀርባው ላይ ለብቻው ተጽፏል፣ 390። ፋይል ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። ሬንደሩ (ያለቀለት ቪዲዮ ሲወጣ) 90 ፐርሰንት ደርሶ መብራት የሄደበት ሰው ብቻ ነው ይህን የሚረዳኝ።

30 ሺህ ብር ብቻ ያለው ልጅስ? ያገለገለ ይግዛ፣ ነውር የለውም። ግን የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይጠይቅ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች በጣቱ ሸፍኖ የቀረውን ያንብብ። 4770 ከሆነ 4፣ 8700 ከሆነ 8፣ 12400 ከሆነ 12። ያ ነው ጀነሬሽኑ። ለቪዲዮ ከሰባት በታች አይውረድ። አሮጌውን ቀድሞ የገዛ ደግሞ ፕሮክሲ ይሥራ፤ ማለትም ቀላል ቅጂ አውጥቶ በሱ ኤዲት ያድርግና ሲጨርስ ዋናውን ይተካ። ማታ ትቶት ይተኛ፣ ጠዋት ይደርሳል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የኮምፒውተር ነጋዴዎች መስታወታቸው ላይ አራት ወይም አምስት አኃዝ ቢጨምሩ ማርከሩ አያልቅባቸውም። ደረሰኙም ላይ እንዲሁ። ሁለተኛውን ግዢ ስንፈጽም ቁጥሩን ሁሉ ጻፊልኝ ብዬ የሱቋን ልጅ ለመንኳት። ሳቀች፣ ግን ሁሉንም ጻፈችልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

የመጀመሪያውን ደረሰኝ ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የሱቁን ስም ሸፍኜዋለሁ። የቀረው «ኮምፒውተር፣ 1 ፍሬ» የሚለው ብቻ ነው።

የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ
ከደብረ ብርሃን