ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ፦ ለሕንድ የሴቶችና የሕፃናት ልማት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሕንድ የሴቶችና የሕፃናት ልማት ሚኒስቴር
ኒው ዴልሂ

ክብርት ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። በአማርኛ መሆኑ እንዳይገርምዎት፤ እዚህ ያለው ኤምባሲያችሁ አስተርጓሚ አያጣም። ደግሞም እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ፣ ሕንድ ሄደው ለመማር ፎርም የሚሞሉ የእኛ ልጆችም እንዲያነቡት ፈልጌ ነው። ዓመቶቹን በእናንተ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ፑኔ ከተማ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከ2010 እስከ 2013። አገራችሁን እወዳታለሁ። ይህን ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። እናቴ ሒሳብ የተማረችው ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ በመጡ መምህርት ነው፤ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ቀና ብላ ነው የምትቀመጠው። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደ ባዳ ወቀሳ አይቁጠሩብኝ።

በ2012 ልጄን አርግዤ አልትራሳውንድ ለመታየት አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። በር ላይ ሰሌዳ አለ። መጠበቂያው ግድግዳ ላይም አለ። ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥም አለ። በአካባቢው ቋንቋ በማራቲና በእንግሊዝኛ፣ እዚህ የፅንስ ፆታ አይነገርም፣ መንገር ወንጀል ነው ይላል። ፎርም ኤፍ የሚባል ወረቀት ሰጡኝ። የፅንሱን ፆታ ማወቅ አልፈልግም ብዬ ፈረምኩ። ነገሩ አሳቀኝ። እኛ ጋ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ይነግርሻል። «ወንድ ነው!» ሲል ድምፁ ከፍ፣ «ሴት ናት» ሲል ዝቅ ማለቱ ግን አለ። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አግዳሚው ላይ አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ፋይሏን የያዙት አማቷ ናቸው። ሴትዮዋ ሆዴን አየችና ሁለት ጣቷን አውጥታ «ዶን ሙሊ» አለችኝ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ ማለቷ ነው። ከዚያ የራሷን ሆድ ነካ አደረገችና ዝም አለች። አማቷም ዝም። ሰሌዳው የተሰቀለው ልክ ከአናቷ በላይ ነበር።

ሴት ፅንስ እየተመረጠ እንዳይወርድ ብሎ ፆታ መንገርን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1994 ነው። በ2011 ቆጠራችሁ ግን፣ ከዜሮ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ለ1,000 ወንዶች ሴቶቹ 920 እንኳ አልሞሉም። ሀርያና ግዛት ውስጥ 834 ነበሩ። የራሳችሁ መንግሥት በ2018 ባወጣው የኢኮኖሚ ሪፖርት የጎደሉትን ሴቶች 63 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯቸዋል። የተወለዱት፣ ግን ወላጅ ወንድ ሲጠብቅ የመጡት፣ 21 ሚሊዮን ልጃገረዶች ናቸው ብሏል። «ያልተፈለጉ» ነው ያላቸው።

ለነዚህ ልጆች ስም አለ። ከፑኔ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ ሳታራ ይደረሳል። በዚያ ወረዳ፣ እኔ እዚያው አገር ሳለሁ፣ በ2011 ጥቅምት ላይ 285 ልጃገረዶች ባንድ ቀን ስማቸውን ቀየሩ። የቀደመ ስማቸው ናኩሳ ወይም ናኩሺ ነበር። ያልተፈለገች ማለት ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ «ያልተፈለገች!» ይላል፣ እሷ «አቤት» ትላለች። በየቀኑ።

የዚያን ሰሞን ማታ ማታ የአክስቴ ስም ነበር አእምሮዬ የሚመላለስበት። ማንጠግቦሽ ትባላለች። ማን ይጠግብሻል ማለት ነው። ለአንዲት ተማሪ ጓደኛዬ ስተረጉምላት ደግማ አስጠራችኝና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ግን ለመንጻት አይደለም የማወራው። ያው አክስቴ የተወለደችበት መንደር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ፑኔ ደግሞ ለወንድ ፔዳ፣ ለሴት ባርፊ ይታደላል። ሁለቱም ጣፋጭ ነው። ሰፈሩ ግን የሳጥኑን ይዘት አይቶ ፊቱን ያዘጋጃል።

ክብርት ሚኒስትር፣ በጥር 2015 ፓኒፓት ላይ «ቤቲ ባቻኦ፣ ቤቲ ፓዳኦ» የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። ሴት ልጅን አድን፣ ሴት ልጅን አስተምር። መልካም። ቆይቶ የፓርላማችሁ ኮሚቴ ሲያጣራ፣ ከ2016 እስከ 2019 ከተለቀቀው ገንዘብ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ያለቀው ለሚዲያ ሥራ ነበር። ለፖስተር፣ ለማስታወቂያ፣ ለዘፈን። ሌላ ሰሌዳ መሆኑ ነው። ያቺ አግዳሚው ላይ የነበረች ሴት ማንበብ አቅቷት አይደለም። ሦስተኛዋን ሴት ወልዳ ወደዚያ ቤት ስትመለስ ማን ከጎኗ እንደሚቆም ነው ያላወቀችው።

የማውሺን ነገር ልንገርዎት። ማውሺ አክስት እንደማለት ነው፤ ፑኔ የቤት ሠራተኛን በዚህ ይጠራል። እኔ በተከራየሁበት ቤት ጠዋት ጠዋት ዕቃ ልታጥብ ትመጣ ነበር። ልጇን ስትድር የወንዱ ወገን ሞተር ሳይክልና አምስት ቶላ ወርቅ ጠየቀ (ቶላ የወርቅ መመዘኛ ነው)። «ሁንዳ» ይሉታል፤ በሂንዲ «ዳሄጅ» ነው። ለአንባቢዎቼ ላስረዳ፦ እኛ ጋ ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ሙሽራው ነው። እዚያ ሴት ልጅ ሰጥተህ፣ ከላዩ ላይም ትከፍላለህ።

ማውሺ ተበደረች። አራጣ። ሞተሩ ተገዛ፣ ወርቁ በሁለት ጊዜ ገባ። በአራተኛው ወር ፍሪጅ ተጠየቀ። በሰባተኛው ወር ልጅቱ ግራ እጇን በሻሽ ጠቅልላ እናቷ ቤት መጣች። ዘይት ፈሰሰብኝ አለች። ማንም አላመናትም፣ ማንም ግን ሌላ አልጠየቃትም። ጎረቤቶች የሰጧት ምክር አንድ ቃል ነበር፤ «አድጀስት»። እንግሊዝኛ የማይችሉ አሮጊቶች ሳይቀሩ ይህችን ይችላሉ። ትርጉሙን አላጣሁትም። እኛም ሰፈር «ቻል አድርጊው እንጂ፣ ትዳር አይደል እንዴ?» ይባላል። ማውሺ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ተነጋገሩ ብለው ሸኟት።

ሁንዳ በሕግ የተከለከለው በ1961 ነው። ከማውሺ ዕድሜ ይበልጣል። በ1986 ደግሞ በተጋባች በሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ ሰበብ ለምትሞት ሴት የተለየ አንቀጽ ወጣ። በ2022 የራሳችሁ የወንጀል መዝገብ 6,450 እንዲህ ያሉ ሞቶችን ጽፏል። በቀን ከ17 በላይ። ሚስቶች ሕጉን መበቀያ አደረጉት የሚል ጩኸት እሰማለሁ። የሚያደርጉት አይጠፉም። የሞቱት ግን ማንን ሊበቀሉ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በታኅሣሥ 2012 ዴልሂ ላይ በአውቶቡስ ውስጥ በቡድን በተደፈረችው ተማሪ ላይ የደረሰው ሲሰማ ፑኔም ጎዳና ወጥቷል። ሆዴ ገፍቶ ስለነበር እኔ ከዳር ቆሜ ሻማ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ሕጉን እንዲመረምር የተቋቋመው የዳኛ ቨርማ ኮሚቴ በአንድ ወር ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ያስረከበው ሪፖርት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ኮሚቴው ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር ወንጀል አይደለም የሚለው ልዩነት ይውጣ ብሎ ነበር። አልወጣም። ልዩነቱ በ1860ው የእንግሊዞች ሕግ የገባ ነው። ያን ሕግ ሽራችሁ በሐምሌ 2024 የራሳችሁን ስትተኩ እንኳ ይዛችሁት ተሻገራችሁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መንግሥታችሁ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ይህን አስገድዶ መድፈር ብሎ መቅጣት ከልክ ያለፈ ነው ሲል ጽፎ አቀረበ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ ያሳፍረኛል። የእኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ሐረግ አለው። ስለዚህ ይህን የምጠይቅዎት ከላይ ሆኜ አይደለም፤ እዚያው አረንቋ ውስጥ ቆሜ ነው። የሴቶች ሚኒስቴር በዚያ ክርክር የማን ወገን ነው?

ሌላም አለ። የአከራዬ ቤት ውስጥ የማውሺ የሻይ ኩባያ ለብቻው ነበር የሚቀመጠው፤ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይቶ። ራሷ ታጥበዋለች፣ እዚያው ትመልሰዋለች። የዘር መደብ ጉዳይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አልደበቀኝም። የአከራዬ አማት ሊጠይቁ በመጡበት ሳምንት የእኔም ኩባያ ከጎኑ ተቀምጦ አገኘሁት። ማውሺ አየችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ይደረጋል?

መንገድ ላይ «ሐብሺ» ብለው ይጣሩኛል። እኛ ሐበሻ ስንል ደረታችንን ነፍተን ነው። እዚያ ስድብ ሆኖ ጠበቀኝ። ያውም ማሊክ አምባር፣ ከእኛ አገር በባርነት ተወስዶ ያንኑ የዴካን ምድር ያስተዳደረው ሰው፣ በቆመበት አገር። እኔ በስድብ አለፈልኝ። በ2016 መጀመሪያ ቤንጋሉሩ ውስጥ አንዲት የታንዛኒያ ተማሪ ሌላ አፍሪካዊ ባደረሰው የመኪና አደጋ ሰበብ በመንጋ ተደበደበች፣ ልብሷ ተቀደደ። በ2020 ሀትራስ ላይ የአንዲት የ19 ዓመት ዳሊት (በዘር መደቡ ከሁሉም በታች ከሚቆጠሩት ወገን የሆነች) ልጅ አስከሬን፣ ቤተሰቧ ስጡን እያለ እየለመነ፣ በሌሊት በፖሊስ ተቃጠለ። ሴትነት አንድ ሸክም ነው። ዳሊት ስትሆኝ፣ ጥቁር ስትሆኝ ሸክሙ ይደረባል። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩት፣ ሂጅራ የምትሏቸውስ? የ2019ኙ ሕግ በእነሱ ላይ ለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት የወሰነው ቅጣት ቢበዛ ሁለት ዓመት ነበር። ሴት ለደፈረ ግን መነሻው አሥር ዓመት ነው። የሌላ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው ይሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ለዚያኛው ያስተላልፉልኝ።

ጥሩ የሠራችሁትን አልደብቅም። ከ2015 ጀምሮ «ሳኪ» የምትሏቸውን ማዕከላት ከፍታችኋል። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ማደሪያው ባንድ ቦታ። የማውሺ ልጅ እጇን ጠቅልላ በመጣች ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም። ለማስታወቂያ የሚወጣው ብር ወደዚያ ይዙር ነው የምለው። ማታ በር ለሚከፍት ሰው ደመወዝ ይሁን። ባሏ ሊወስዳት ሲመጣ «አትሄድም» ለሚል ሰው ደመወዝ ይሁን። ለትምህርት የመጣች የውጭ አገር ልጅም የምትገባበት መሆኑን፣ ፓስፖርቷን ከመመርመር በፊት ቁስሏን የሚያይ እንዳለ፣ ከቪዛዋ ጋር ይነገራት። ካቢኔው ውስጥ ደግሞ ስለዚያ የጋብቻ ልዩነት አንድ ቀን ተነስተው ይናገሩ። ቢሸነፉም ይናገሩ።

መልሱን በእንግሊዝኛም በሂንዲም ብትልኩልኝ አነባለሁ። በማራቲ ከሆነ ግን እኔ የማውቀው ማውሺ ዕቃ እያጠበች ያስተማረችኝን ስለሆነ፣ ቃላቱን ቀለል አድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፑኔ የቀድሞ ተማሪ
አዲስ አበባ