የዓይን ስህተት ሌላ፣ የሕግ ስህተት ሌላ

ለክቡር የስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

በጨዋታ ዘገባዎቻችሁ ውስጥ «የዳኝነት ስህተት» የሚለው አነጋገር የማይገባበት የለም። ያልታየ የእጅ ኳስም፣ በማይገባ መንገድ የተጀመረ ጨዋታም፣ ተጫዋች ከቦ ሲጮህበት ዝም ያለ ዳኛም በአንድ ስም ይጠራሉ። ዳኛ ግን በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛው ሳያይ ወይም አሳስቶ አይቶ ሲፈርድ ነው። ሁለተኛው በትክክል ያየውን የማይሆን ሕግ ሲሰጠው ነው። ለመጀመሪያው ሕጉ ራሱ ቦታ ትቶለታል፤ በጨዋታ ውስጥ ስለተፈጸመ ነገር የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። ለሁለተኛው እንዲህ ያለ መጠጊያ የለም።

ልዩነቱን ሁለት ጨዋታዎች ያሳያሉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 2009 ፓሪስ ላይ ፈረንሳይ ከአየርላንድ ጋር ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ስትጫወት ቲየሪ ኦንሪ ኳሷን በእጁ አመቻችቶ ለዊሊያም ጋላስ ሰጠ፣ ጎል ሆነ። ዓለም በቴሌቪዥን አየው፣ ዳኛው አላዩትም። አየርላንዶች ጨዋታው ይደገም ብለው ቢጠይቁም ፊፋ አልተቀበላቸውም። በሴፕቴምበር 2005 ታሽከንት ላይ ደግሞ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኡዝቤኪስታን ባህሬንን 1 ለ 0 እየመራች ፔናሊቲ አገኘች፤ መቺው አገባ። ነገር ግን ኳሷ ከመመታቷ በፊት የመቺው ጓደኛ የፔናሊቲ ክልሉ ውስጥ ገብቶ ነበርና ጃፓናዊው ዳኛ ጎሉን ሻሩ። እስከዚህ ድረስ ዓይናቸው አልሳተም። ቀጥሎ ግን ምቱን በማስደገም ፈንታ ለባህሬን ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት (ኳሷ ሌላ ተጫዋች ሳትነካ ብትገባ ጎል የማይሆንበትን) ሰጡ። ፊፋ የሕግ ስህተት ነው ብሎ ውጤቱን ሰርዞ ጨዋታው እንደ አዲስ እንዲደገም አዘዘ። አስገራሚው ነገር ክስ ያስያዙት አሸናፊዎቹ ኡዝቤኮች መሆናቸው ነው፤ 3 ለ 0 ይመዝገብልን ብለው ነበር። ድጋሚው 1 ለ 1 አለቀ፣ የመልሱ ጨዋታ 0 ለ 0፣ ባህሬንም ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ጎል አለፈች።

እንዲህ ያለ ስህተት ከየት ይመጣል? ፔናሊቲን በሚመለከተው ሕግ ውስጥ ሁለቱ ቅጣቶች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው። መቺው ራሱ ካጠፋ፣ ለምሳሌ ሩጫውን ጨርሶ ለመምታት ሲል ቆም ብሎ በረኛውን ካታለለ፣ ጎል ገባም አልገባም ለተከላካዩ ቡድን ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል፤ መቺውም ቢጫ ያያል። ያጠፋው ጓደኛው ከሆነ ግን ቅጣቱን የሚወስነው ኳሷ መግባቷ ነው። ከገባች ይደገማል፣ ካልገባች ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሆናል። ሕጉን በቃሉ የሸመደደ ዳኛ 30 ሺህ ሰው ሲጮህበት ሁለቱን ያደባልቃል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፦ ቀድሞ መግባቱ ብቻ አያስቀጣም፣ በምቱ ወይም ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ተጽዕኖ ማሳደር አለበት።

በየሳምንቱ የሚታዩት ስህተቶች ግን ከዚህ ያነሱ ናቸው። የተወረወረች ኳስ ሜዳ ውስጥ ሳትገባ ስትቀር ያው ቡድን ደግሞ መወርወር ሲገባው ለባለጋራ ትሰጣለች። ቀጥተኛ ባልሆነ ቅጣት ምት ዳኛው እጁን ማንሳት ረስቶ ኳሷ ሌላ ተጫዋች ሳትነካ መረብ ላይ ካረፈች ምቱ መደገም አለበት፤ አንዳንዱ ጎል ያደርገዋል፣ አንዳንዱ የመልስ ምት። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኳስ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ የያዘ በረኛ የሚቀጣው በኮርና ነው፤ የድሮው 6 ሰከንድ ቀርቷል።

ዳኛ የቆመ ጨዋታን በምን እንደሚያስጀምር ሲወስን መሳሳቱን ካወቀ ማረም የሚችለው ጨዋታው እንደገና እስኪጀመር ድረስ ብቻ ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ አራቱም ዳኞች ስህተቱን ቢያውቁ እንኳ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዋናው ዳኛ ሲደናገር ያየ ረዳት እረፍት ላይ እነግረዋለሁ ብሎ ማለፍ የለበትም። የጆሮ መገናኛ ከሌለ ባንዲራውን አንስቶ እያውለበለበ ምቱን ያስቆም። ዳኛውም ከ3 ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ለራሱ ይስጥ፦ ያጠፋው ማን ነው? ኳሷ በጨዋታ ላይ ነበረች? ጨዋታው በምን ይጀመር? ከዚህ በኋላ ነው ፊሽካ።

ተቃውሞን በተመለከተ ሕጉ የሚለየው ሁለት ደረጃ ነው። ዳኛን በቃል ወይም በድርጊት መቃወም ቢጫ ነው፤ መስደብ ወይም ማዋረድ ቀይ ነው። በእኛ ሜዳ ቋንቋ ብንተረጉመው «ኧረ ዳኛ፣ እጅ ነበረ!» ብሎ ዞር ያለ ተጫዋች ይታለፋል፣ ቢበዛ ጸጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ለተመልካች እያሳየ «ዛሬ ጭራሽ አታይም እንዴ?» ያለው ቢጫ ነው። «ስንት በላህ?» ወይም «ሌባ» ያለው ግን ቢጫ አይበቃውም፣ ይውጣ። እዚህ ላይ የብዙ ዳኞች ጥፋት ማባበል ነው። በ5ኛው ደቂቃ የሰሙትን አልሰማንም ብለው በ80ኛው ደቂቃ ለዚያው ቃል ካርድ ይመዛሉ፤ ተጫዋቹም «እስካሁን ምን ነክቶህ ነበር?» ቢል እውነት አለው።

አጠራሩም ሙያ ነው። ዳኛ የተቆጣ ተጫዋችን ተከትሎ አይሮጥም፤ ፊሽካ ነፍቶ ወደ ራሱ ይጠራዋል፣ ከጓደኞቹ አሥር እርምጃ ያህል ይለየዋል፣ ጣቱን ፊቱ ላይ አይቀስርም፣ ካርዱንም አፍንጫው ሥር አያውለበልብም። በአምበል በኩል ብቻ መነጋገር የሚለው አሠራር በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በሰፊው ታይቷል። ውጤት የሚያመጣው ግን ከጨዋታው በፊት ለሁለቱም ቡድኖች ከተነገረ፣ አምበሉ በረኛ ከሆነም የሚወክለው የሜዳ ተጫዋች አስቀድሞ ከተሰየመ ነው።

ኳሷ በጨዋታ ላይ እያለች ተከላካይ በራሱ ክልል ውስጥ ዳኛን ቢሳደብስ? ብዙ ተመልካች፣ አንዳንድ ዳኛም ጭምር፣ ፔናሊቲ ይላል። አይደለም። የቃል ጥፋት የሚያሰጠው ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፣ ያውም ተሳዳቢው ከቆመበት ቦታ። በእጁ ቢገፋው ግን ፔናሊቲ ነው። ዳኛው ኳሷ እስክትወጣ ከታገሠ ደግሞ ካርዱን ያሳያል፣ ጨዋታው ግን በእጅ ውርወራም በኮርናም እንደወጣችበት ይቀጥላል።

ከ2019 ወዲህ አሠልጣኞችም ካርድ ያያሉ። የተመደበለትን ክልል ሆን ብሎ ለቆ ዳኛ ላይ ለመጮህ የወጣ አሠልጣኝ በሕጉ ቀይ ነው፤ እኛ ዘንድ አራተኛው ዳኛ ክንዱን ይዞ ወደ ወንበሩ ይመልሰዋል። ከወንበር የተሰነዘረ ስድብ ባለቤቱ ካልታወቀ ቅጣቱን እዚያ ያለው ከፍተኛ አሠልጣኝ ይወስዳል። አዲስ አንቀጽ አይደለም፣ ሲተገበር ማየት ግን ብርቅ ነው።

ካርድ ሲጻፍ ቡድን ይቅደም፣ ቁጥር ይከተል። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ሽቱትጋርት ላይ እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል ለክሮኤሺያው ዮሲፕ ሺሙኒች ሦስት ቢጫ ያሳዩት በዚህ ጉድለት ነው። ተጫዋቹ 3 ቁጥር ነበር፤ እሳቸው አንዱን ቢጫ በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ላይ ጻፉት። ሁለተኛው ቢጫ ከሜዳ ማስወጣት ሲገባው ሰውየው ቀጠለ፤ ሦስተኛው የመጣው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ዳኛውን በመቃወሙ ነው። ረዳቶቹም አራተኛው ዳኛም አላስቆሙትም። የካርድ መዝገብ ምን እንደሚያስከፍል እኛም አናጣውም፤ በ2013 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረትተን ሳለ በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን 3 ለ 0 ተሸናፊ ተባልን። ያ የዳኛ ጥፋት አልነበረም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አወዛጋቢ ውሳኔን ስትዘግቡ «ዳኛው ፊሽካ ነፋ» ብላችሁ አትለፉ። ምን ጥፋት ነው ብሎ ነፋ? ኳሷ የት ነበረች? ጨዋታው በምን ተጀመረ? እነዚህ ሦስቱ ከተጻፉ አንባቢው ስህተቱ የዓይን ይሁን የሕግ ራሱ ይለየዋል፤ ክስ የሚያስይዝ ክለብም ከማስያዙ በፊት ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ዳኞች
አዲስ አበባ