በፖላንድ ምግብ ቤት ስለሚኖረን ምሳ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቺካጎ ሰሜን ምዕራብ ሰፈሮች የምናካሂደው የቅዳሜ ጉብኝት ምሳ ከእንግዲህ በሚልዋኪ ጎዳና በሚገኝ የፖላንድ ባህላዊ ምግብ ቤት ይሆናል። ምግብ ቤቱ ከጎኑ ደሊ አለው፤ ቋሊማ፣ አይብ፣ ዳቦና በጨው ውሃ የኮመጠጠ አትክልት በሚዛን የሚሸጥበት መደብር ነው። ይህን ካስታወቅን ወዲህ ከብዙዎቻችሁ የደረሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «የፖላንድ ምግብ ሁሉ የአሳማ ሥጋ አይደለም ወይ? እኛ ምን ልንበላ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምንመልስ ሰፋ አድርገን መጻፉን መረጥን።

የአሳማ ሥጋ በእርግጥ ብዙ አለ። ነገር ግን በየትኛው ምግብ ውስጥ እንደሚገባ ያወቀ ሰው ያለ ስጋት ጠግቦ ይነሣል። ፖላንዳውያን በዚህ ከተማ የቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካን ደብር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ከዚያ ወዲህ ሚልዋኪ ጎዳናን ተከትለው ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲስፋፉ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም አብሯቸው ሄዷል። ጠዋት ሙሉ ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ስናይ ውለን ገበታቸውን ሳንቀምስ ብንመለስ ጉብኝቱ ጎዶሎ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ከሁሉ በፊት ስለ ዳቦው። እንደተቀመጣችሁ፣ ገና ምንም ሳታዙ፣ ጠቆር ያለ ዳቦና በትንሽ ሳህን ነጭ ቅባት ሊቀርብላችሁ ይችላል። ቅቤ ይመስላል፤ ቅቤ ግን አይደለም። ስማሌትስ ይባላል፤ ቀልጦ የረጋ የአሳማ ስብ ነው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት በውስጡ ቡናማ ፍርፋሪ አለ፤ የተጠበሰ ሽንኩርትና ሲቀልጥ የቀረው የስቡ ቅሪት ነው። የማትበሉ ከሆነ እንዲነሣላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ዳቦውንና አብሮት የሚመጣውን የኮመጠጠ ኪያር ግን አስቀሩት። ኪያሩ ኮምጣጤ አልገባበትም፤ በጨው ውሃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በእንስላል ራሱ ነው የሚኮመጥጠው።

ከሾርባዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ዡሬክ ነው። ራይ የተባለው እህል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ሾርባውን የሚያኮመጥጠውም ያ እርሾ ነው። የእንጀራ ሊጥ አቡክቶ የሚያውቅ ሰው ሽታው አይጠፋውም። ሆኖም ነጭ የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል፤ መረቁም ብዙ ጊዜ ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለው ሾርባ ለአብዛኞቻችሁ የማይሆን መሆኑ ከልብ ያሳዝነናል። በምትኩ ሮሱው የሚሉትን የዶሮ መረቅ፣ ወይም ፍላኪን እዘዙ። ፍላኪ የበሬ ጨጓራ በቀጭኑ ተተልትሎ በቁንዶ በርበሬና በቅጠላ ቅጠል የሚሠራ ሾርባ ነው። የተሠራበት መረቅ የበሬ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ጥሬ ሥጋ ለምትወዱ ደግሞ ታታር አለላችሁ። ቀይ የበሬ ሥጋ ደቅቆ ይከተፍና መሐሉ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ተቀምጦበት፣ ዙሪያውን የተከተፈ ሽንኩርትና የኮመጠጠ ኪያር ተደርድሮለት ይመጣል። ማደባለቁ የበላተኛው ድርሻ ነው። በእኛ ግምት ከገበታው ሁሉ የላቀው እርሱ ነው፤ በዚያው ቀን የተከተፈ መሆኑን ግን ሁልጊዜ ጠይቁ።

የጾሙን ነገር በጥንቃቄ አንብቡልን። ጉብኝታችን ቅዳሜ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አያገኘንም፤ በዐቢይ ጾም፣ በጾመ ነቢያትና በፍልሰታ ግን ጥያቄው ይነሣል። ፖላንዳውያን ካቶሊኮችም ከሥጋ ይጾማሉ፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ግን በጾማቸው ይፈቀዳል። ስለዚህ «ጾም ነኝ፣ ሥጋ አልበላም» ብትሏት አስተናጋጇ በሙሉ ቅንነት ድንችና አይብ የተሞላ ፒሮጊ ላዩን ቅቤ አፍስሳበት ታመጣላችኋለች። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበሉ አንድ በአንድ ዘርዝሩላት፤ ወይም «ቪጋን» በሉ፣ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ፒሮጊ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው። ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ የተሞላው ለጿሚ ይቀርባል፤ ቢሆንም ሊጡ እንቁላል እንዳለበት፣ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ሽንኩርትም በምን እንደተጠበሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀይ ሥር ሰላጣና ካሻ የተባለው ቅንጬ መሰል የተቀቀለ እህል ያለ ቅቤ ከተሠሩ አያስቸግሩም።

ለጿሚ ከወራት ሁሉ የተመቸው ዲሴምበር ነው። ፖላንዳውያን ዲሴምበር 24 ማታ፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ፣ ሥጋ የሌለባቸው 12 ዓይነት ምግቦች ይዘው ለገና ዋዜማ ይቀመጣሉ፤ ላልታሰበ እንግዳም አንድ ቦታ ባዶ ይተዋሉ። ለዚያ ማዕድ ሲባል ደሊው በእንጉዳይ፣ በጎመንና በዓሣ ይሞላል። ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ምርጫው ከሌላው ጊዜ ይሰፋል።

ደሊው ውስጥ ስትገቡ ቁጥር ቆርጣችሁ ተራ ጠብቁ። ሽያጩ በፓውንድ ነው፤ ግማሽ ፓውንድ ወደ 225 ግራም ይመጣል፣ ለመቅመስም ይበቃል። የዶሮና የቱርክ ቋሊማ አለ፤ ነገር ግን የአሳማ ስብ የተቀላቀለበት፣ ወይም በአሳማ አንጀት የታሸገ ሊሆን ስለሚችል ስለ ሁለቱም ጠይቁ። ሥጋውን በስሱ የሚቆርጠው ማሽን ጥቂት ቀደም ብሎ የአሳማ ሥጋ ቆርጦ ይሆናል፤ እንዲታጠብላችሁ ወይም ያልተቆረጠውን እንዲሸጡላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ሻጮቹ ጥያቄውን ለምደውታል። ፖንችኪ የሚባሉት ጃም የተሞሉ ኬኮችም በባህላዊው አሠራር የሚጠበሱት በአሳማ ስብ ስለሆነ መልካቸው አያታልላችሁ።

ሙስሊም ደንበኞቻችን ሆይ፣ የምግብ ቤቱ ሥጋ ሐላል አይደለም። ለእናንተ ዓሣና አትክልት በተለየ መጥበሻ እንዲዘጋጅ ከወጥ ቤቱ ጋር እንነጋገራለን።

የምሳው ዋጋና የአስተናጋጆች ጉርሻ በጉብኝቱ ክፍያ ውስጥ ተካቷል፤ ከደሊው የምትገዙትን ግን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስትመዘገቡ ጿሚ መሆናችሁን፣ ሐላል የምትፈልጉ መሆናችሁን፣ ወይም ምግቡ ለልጆች ጭምር መሆኑን እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልን፤ ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩን ለምግብ ቤቱ እናስተላልፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉብኝት አገልግሎቱ ባልደረቦች
ቺካጎ