መሬቱም መተላለፊያውም አንድ ላይ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የከተማችን ምክር ቤት ከዋናው መንገድ ማዶ ያለውን ክፍት መሬት ለፓርክ እንዲገዛና በመንገዱ ስር የእግረኛ መተላለፊያ እንዲያሰራ የቀረበውን ሀሳብ ካወጣችሁ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው፣ ግማሹ ይደግፋል ግማሹ ገንዘብ ማባከን ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ያን መንገድ በየቀኑ ልጄን ይዤ የምሻገር ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጠዋት ጠዋት እዛ ቆማችሁ ብታዩ ጥሩ ነበር። ሳሩ መሃል ሰው በእግሩ እየረገጠ ያወጣት ቀጭን መንገድ አለች፣ ማንም መሐንዲስ አልነደፋትም፣ ቀጥ ብላ መጥታ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትቋረጥና ማዶ ላይ ትቀጥላለች። ሰው የሚሻገረው እዛው ላይ ነው። ሁለት መስመር ሮጠን መሃል አካፋዩ ላይ እንቆማለን፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ንፋሱ የልጄን ቦርሳ ይጎትተዋል፣ እጇ እጄ ውስጥ በላብ ይርሳል። ባለፈው አንድ ምርኩዝ የያዙ አባት አካፋዩ ላይ ቆመው መኪና ጋብ የሚልላቸው አጥተው ሲጠብቁ አየሁ፣ ልጄን አድርሼ ስመለስ አሁንም እዛው ናቸው፣ እጃቸውን ይዤ አሻገርኳቸው።

አንዳንድ ሰው ዜብራ ይቀባና ይብቃ ይላል። መኪና ቀስ ብሎ በሚሄድበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ እኔም እስማማለሁ፣ እንደውም እዛ ዜብራና ፍጥነት መቀነሻ ነው የሚሻለው፣ ሰው ምን በወጣው ከመሬት በታች ይወርዳል። ይሄኛው መንገድ ግን እንደዛ አይደለም፣ እዚህ መኪናው ይበራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ አዋቂ እግረኛ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ከተገጨ የመሞት ዕድሉ ከ20 በመቶ በታች ነው፣ መኪናው 80 ከሄደ ግን ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። በየዓመቱ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ ከግማሹ በላይ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። በ80 ለሚመጣ መኪና መሬት ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ብቻውን ምንም አይደለም።

ዋናው የምለው ግን ይሄ ነው፣ ሰዉ መሬቱንና መተላለፊያውን እንደ ሁለት የተለያየ ፕሮጀክት እያየ አንደርፓሱ ይሰራ ፓርኩ ይቆይ ይላል፣ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። ሰው ሳያጎነብስ እንዲያልፍ ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያስፈልጋል፣ በላዩ ላይ የሚያርፈው ኮንክሪት ሲጨመር ወለሉ ከአስፋልቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው፣ የልጅ ጋሪ የሚገፋ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሳይሰቃይ እንዲወርድ ደግሞ ተዳፋቱ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ቢወርድ ነው ጥሩ የሚባለው፣ ይሄ ማለት በእያንዳንዱ ጎን 70 ሜትር ራምፕ ማለት ነው። 70 ሜትር ከየት ይመጣል? አሁን ባለው ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሆን አይደለም። መሬቱ ካልተገዛ የሚቀረው ቀጥ ያለ ደረጃ ነው፣ ደረጃ ከሆነ ደግሞ እነዛ አባት መቼም አይወርዱትም። መሬቱ ካለ ግን ፓርኩን ራሱን ቀስ እያደረጉ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ሰው መውረዱ ሳይታወቀው ማዶ ይደርሳል። ድልድይ ይሁን የሚሉም አሉ፣ ድልድይ በስሩ ከባድ መኪና ማሳለፍ ስላለበት ከ5 ሜትር በላይ ነው የሚያስወጣው፣ ራምፑም በዛው ልክ ይረዝማል።

ደረጃ ያለው አንደርፓስ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በፊት የኖርኩበት ቦታ አንድ ነበር፣ ጠባብ፣ መሃሉ ላይ የሚጠመዘዝ፣ መግቢያው ላይ ቆመህ መውጫውን አታየውም። አምፖሎቹ ሲቃጠሉ የሚቀይራቸው አልነበረም፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይደርሳል፣ ሽታውን ተዉት። ከመሸ ሴቶች ጭራሽ አይገቡበትም ነበር፣ ከላይ በመኪናው መሃል መሮጥን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሲሰራ ሰፊና ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከዚህ ጫፍ የዛኛው ጫፍ ብርሃን ይታይ፣ የውሃ መውረጃና ፓምፕ ይኑረው፣ የመብራትና የጽዳት ባጀቱም ከግንባታው ጋር አብሮ ይጽደቅ።

ፓርክ ቅንጦት ነው ለሚሉት ደግሞ አንድ የቆየ ነገር ላንሳ። እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል አጠገብ ቢርከንሄድ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ አስተዳደር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840ዎቹ በሕዝብ ገንዘብ 226 ኤከር የማይረባ ረግረግ ግጦሽ ገዛ፣ 125ቱን ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ፓርክ አደረገው፣ የተረፈውን ዙሪያውን ለቤት መስሪያ ሸጠና ወጪውን ከዛ መለሰ። ፓርኩ በ1847 ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። በ1850 ፍሬድሪክ ኦልምስቴድ የሚባል አሜሪካዊ አይቶት በጣም ተገረመ፣ በኋላ ከካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው እሱ ነው። በ1858 ባወጡት ዲዛይን ፓርኩን የሚያቋርጡት 4 መንገዶች መሬት ውስጥ ዝቅ ብለው እንዲሄዱ አደረጉ፣ ጋሪና ፈረስ በታች ያልፋል፣ እግረኛው በላይ ሳይደናገጥ ይራመዳል። ይሄ ሁሉ የታሰበው መኪና ሳይፈጠር በፊት ነው። እነሱም ይህን መስራት የቻሉት መሬቱ አስቀድሞ በከተማው እጅ ስለነበረ ነው።

ግን እዛው ኒውዮርክ የተሰራ በደልም አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ደስ አይለኝም። ለፓርኩ ተብሎ 1,600 የሚሆን ሰው ከቦታው ተነስቷል፣ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን መሬት ገዝተው የመሰረቱት ሰፈርም ፈርሷል፣ የተከፈላቸው ካሳ አነሰን ብለው የተከራከሩ ብዙ ነበሩ። እኛም ጋ መሬቱ ባለቤት አለው፣ ጠርዙ ላይ የሚኖሩም አሉ። ተገቢው ዋጋ ተተምኖ ገንዘቡ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው ዶዘር መግባት ያለበት እንጂ መጀመሪያ ልቀቁ በኋላ ይከፈላችኋል መባል የለበትም። ለራሳችን ልጆች መጫወቻ ብለን የሌላውን ልጅ ሜዳ ላይ መጣል አንችልም።

ሌላው፣ ማዶ ያለው ሰፊው መሬት ብቻ ከተገዛ ራምፑ በአንድ ጎን ብቻ ይሆናል፣ ስለዚህ በዚህኛው ጎን ያለውም ቁራሽ መሬት በግዢው ውስጥ ይግባ። ከተገዛ በኋላም በፓርክነት ይመዝገብ፣ ነገ ሌላ አመራር መጥቶ ለፓርኪንግ ወይ ለህንፃ እንዳይቆርሰው።

ቦታውን የሚለኩት ባለሙያዎች ደግሞ ሲመጡ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጡ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ ያቺን ሳሩ ላይ ያለችውን ቀጭን መንገድ ተከትለው ይለኩ። የመተላለፊያው አፍ እዛው እሷ ጋ ይሁን። ለዲዛይኑ ተመቸ ተብሎ 200 ሜትር ርቆ ከተሰራ ሰው ዞሮ አይሄድም፣ አስፋልቱን መሮጡን ይቀጥላል።

አክባሪያችሁ፣
የሰፈሩ ነዋሪና የአንዲት 7 ዓመት ልጅ ወላጅ