ልጆቻችን በክረምት እቤት ምን ይማሩ?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገሚሶቻችን ልጆቻችንን ለከብት ጥበቃና ለአረም፣ ገሚሶቻችን ለማጠናከሪያ ትምህርት እናሰማራለን። ሁለቱም ደግ ነው። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ተቅማጥ የሚበዛባቸው፣ እህል የሚረጥብባቸው፣ ብርዱን ሽሽት ከሰል ቤት የሚገባባቸው ወራት ናቸው። እናትና አባት ገበያ ወይም እርሻ ሲውሉ ታናናሾቹን ይዞ እቤት የሚቀረው የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ማወቅ ያለበትን ወላጅ እያሠራ ሊያስተምረው ይገባል እላለሁ። ልጅ በጆሮው ብቻ የሰማውን ሲደነግጥ ይረሳዋል።

ከሁሉ የማስቀድመው የተቅማጥን ነገር ነው። ከጤና ኬላ የተሰጠ ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ እቤት ካለ እሱ ይበጥበጥ፤ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ እሽጉ ላይ ተጽፏልና ልጁ ራሱ ያንብበው። ከሌለ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ልኩ ይኸው ነው፤ የሚበላሸው አሰፋፈሩ ላይ ነው። የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ልጁ ማንኪያ ካሳሳተ ጨውም ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ይህም ለሕፃን አደገኛ ነው። ቁልል ተደርጎ የተሞላ ማንኪያም ያው ነው፤ አፉን በቢላ ጀርባ ጠርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ስኳር ላለማባከን የማንኪያውን አጠራረግ በጤፍ ማለማመድ ይቻላል። ውሃው በጣሳ በግምት አይለካ፤ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንድ ሊትር እንደሚሆን ልጁ ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ ያረጋግጥ። ሲጨርስ ይቅመሰው፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደ አዲስ ይሠራል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየም ይደፋል።

አሰጣጡም ትምህርት ይፈልጋል። ታማሚውን ተቅማጥ ባስቀመጠው ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ የውሃ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ይሰጠዋል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ታግሶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡትና ምግብ አይቋረጥም፤ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ሕፃንን ማስራብ ስንት ልጅ አጎሳቁሏል! ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ግን ምንም ሳይጠበቅ ጡት እየጠባ ይወሰድ። ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይችለውም። መጀመሪያ እናት እየተናገረች ትሥራ፣ ቀጥሎ አብረው ይሥሩ፣ ከዚያ እሷ ዝም ብላ እያየች እሱ ብቻውን ይሥራ። ሲሳሳት ማንኪያውን ከእጁ አለመንጠቅ ይሻላል፤ ቀምሶ ራሱ ይድረስበት።

ሁለተኛው የጎተራው ነገር ነው። ጎጃም ውስጥ ያሉት ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ናቸው፤ በደንብ ሳይደርቅ የገባ በቆሎ ግን ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ ይህ መርዝ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። ለላም ቢሰጥም በወተቱ ይመጣል። ድርቀቱን በጥርስ ሰብሮ ከመገመት በጨው መፈተን ይበልጣል፤ ይህንንም ልጅ በደስታ ይሠራዋል። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስና ምጣድ ላይ ታምሶ የቀዘቀዘ ጨው ይዘጋጅ። ከጆንያው ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር በቆሎ ተወስዶ ተደባልቆ የጠርሙሱ ሲሶ ይሞላ። ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ ይከደንና አንድ ደቂቃ በኃይል ይናጥ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የበቆሎው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ባይለጠፍም ወዲያው ጎተራ አይግባ፤ በቆሎ ሳይበላሽ የሚቆየው እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ስለሆነ ተጨማሪ ፀሐይ ማሳየቱ ይበጃል። ጠርሙሱ ወይም ጨው ራሱ እርጥብ ከነበረ ፈተናው ይዋሻል። በክረምት የተለማመደ ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ በቆሎው ሲፈለፈል ሥራው ሙሉ በሙሉ ለእሱ ይሰጠው።

ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለውን የነቀዝ መከላከያ ከረጢት የምትጠቀሙ ደግሞ አስተሳሰሩን አሳዩት፦ አየሩን ጨምቆ ማስወጣት፣ የውስጠኛውን ላስቲክ ጠምዝዞና አጥፎ ማሰር፣ ሁለተኛውን ለብቻው ማሰር፣ በመጨረሻ የላይኛውን ጆንያ። ነቀዙ የሚሞተው አየር አጥቶ ስለሆነ አንዲት ቀዳዳ ወይም በየጊዜው መክፈት ሁሉን ያበላሻል። የነቀዝ ክኒን ግን ልጅ ከቶ አይንካው። እርጥበት ሲያገኝ የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ባለ እህል ውስጥ መጨመር የለበትም።

ከሰልን በተመለከተ በየቤቱ የሚነገር ስህተት አለ፤ «ጭሱ አልቆ ከቀላ አይጎዳም» ይባላል። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከቀላውም ከሰል ይወጣል። ከሰል ይዞ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማው ልጁ በሩን ከፍቶ ታናናሾቹን ይዞ ይውጣ።

የተቃጠለ ቦታ ወዲያው 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈራረቁ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ውሻ ከነከሰ ቁስሉ 15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት መሄድ ነው፤ ውሻው ያብድ እንደሆነ ቆይቶ ማየት አያስፈልግም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጠበል መሄዱን አልቃወምም፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻ ይደብቃሉና ያልተቆጣ ወላጅ ቶሎ ይሰማል።

ገበያም ይዘናቸው ስንሄድ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ፣ መልሱን ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት ያስሉት። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ፣ «ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ» ላለም ቢሆን እንደማይነገር ይወቁ።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። ጋዜጣችሁ ከተነበበ በኋላ በብዙ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሐምሌና ነሐሴ እትሞቻችሁ የአንዱን ሊትር ውሃ፣ የስድስቱን ማንኪያ ስኳርና የግማሹን ማንኪያ ጨው ልክ ከማንኪያው ሥዕል ጋር በጉልህ ፊደል ብታትሙት፣ ልጆቹ ምድጃው አጠገብ ቆመው ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቡሬ